በክረምት የሚሠራ አምላክ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 8፥22፤ ኢሳይያስ 55፥10–11፤ ኤርምያስ 36፥20–32፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥9–21

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በአዲስ አበባም ዙሪያ ሁሉ ያላችሁ ወገኖች፣ ዛሬ አብረን የምናስበው ደጃችን ላይ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ክረምት።

ሰኔ ሲጋመስ ሰማዩ ይጠቁራል። ወጨጫ ጉም ይለብሳል፣ እንጦጦ ከዓይን ይሰወራል፣ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ያቁራል። የባጃጁ ሹፌር «ከዚህ አላልፍም» ብሎ ጭቃው አፋፍ ላይ ያወርደናል። ለአምልኮ የመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ጫማውን በእንጨት ይፍቃል። ሰባኪው ይጮኻል፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ይበልጠዋል።

ታዲያ ብዙዎቻችን ክረምትን የምንቆጥረው እንደ ማለፊያ ጊዜ ነው። «ክረምቱ ይለፍና» እንላለን። ቤቱን ማደስ ክረምቱ ይለፍና፣ ሠርጉ ክረምቱ ይለፍና፣ የታመመውን መጠየቅ ክረምቱ ይለፍና፣ የቤት ለቤት ጸሎቱ እንኳ ሳይቀር ክረምቱ ይለፍና። እስቲ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቅ። እኛ «ይለፍ» በምንለው ጊዜ ውስጥ እግዚአብሔር ምን እየሠራ ነው? መልሱን ከቃሉ፣ ከቆምንበት ምድርና ከአብያተ ክርስቲያናችን ታሪክ እንፈልጋለን።

የመጽሐፍ ቅዱስ ክረምት

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን እንረዳው። በአውሮፓ ክረምት የሚባለው ወቅት የበረዶ ወቅት ነው። ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ምድሪቱ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች፣ ገበሬው ቤቱ ይከተታል። በዚያ አገር የተጻፉ ብዙ መንፈሳዊ ጽሑፎችም ክረምትን በእንቅልፍና በሞት ይመስሉታል። እነርሱ ያዩት እሱን ነውና አይፈረድባቸውም። የእኛ ገበሬ ግን በክረምት አይተኛም። ሌላው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ሲቀመጥ፣ እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በሬዎቹን ይጠራል። ጤፉ የሚዘራው በሐምሌ ጭቃ ነው።

የእስራኤልም ምድር በዚህ ነገር እኛን ይመስላል። ወሩ ይለያያል እንጂ በዚያም ክረምት የዝናብ ጊዜ ነው። ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ አካባቢ ይዘንባል፤ በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ በመኃልየ መኃልይ 2፥11 ላይ ወዳጁ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ዝናቡም እንዳቆመ ለወዳጁ ሲነግራት፣ የሰሜን አውሮፓ አንባቢ ክረምትን ከዝናብ ጋር ለማገናኘት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የሱሉልታ እረኛ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። መስከረም መጥቷል ማለት እኮ ነው! አበባ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ውጪ እንውጣ ማለት ነው።

አሁን ዘፍጥረት 8፥22ን እዩ። ከጥፋት ውኃ በኋላ ኖኅ ከመርከብ ሲወጣ የሰው ልጅ ዝናብን የሚያውቀው በፍርድ ነበር። ጥቁር ደመና ባየ ቁጥር ቢሸበር ማን ይፈርድበታል? እግዚአብሔር ግን ምድር እስካለች ድረስ መዝራትና ማጨድ፣ በጋና ክረምት እንደማይቋረጡ ቃል ገባ። ያ ያስፈራ የነበረው ዝናብ የእንጀራ መንገድ ሆነ።

ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 55 የእግዚአብሔርን ቃል ከሰማይ ከሚወርድ ዝናብ ጋር ያስተያየዋል። ዝናቡ ምድርን ሳያጠጣና ሳያበቅል በከንቱ አይመለስም፤ ቃሉም እንዲሁ ነው። ይህን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየጸሎቱ እንጠቅሰዋለን። አንድ ነገር ግን ቶሎ እንዘላለን። በዝናቡና በእንጀራው መካከል ብዙ ወራት አሉ። በሐምሌ የወረደ ዝናብ በሐምሌ አይበላም። ነቢዩ ቃሉ እንደማይመክን ነገረን እንጂ በማግስቱ እንደሚታጨድ አልነገረንም።

የእንጦጦ ጫፍ

ከቃሉ ወደ ምድራችን እንምጣ። የምንኖርባት ከተማ ታሪክ ራሱ ከክረምት ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ በነበሩበት ዘመን መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል። ለኑሮ ግን አልተመቸም። ብርዱ፣ ነፋሱና ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃው ወርደው ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች። እንግዲህ ከተማችን ከተራራው ወደ ሜዳው የወረደችበት አንዱ ምክንያት ብርዱ ነው ማለት ይቻላል።

የእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ጫፉ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በሰሜን በኩል፣ በሱሉልታ ወገን የወረደው ወደ ሙገር ይሄዳል፤ ሙገር አባይ ይገባል፣ አባይ ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አቃቂ ወንዞች ይሄዳል፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሰበታም ውኃ የአዋሽ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ደመና፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ተራራ ላይ ከወረዱት ሁለት ጠብታዎች አንዱ የግብፅን ገበሬ ያጠጣል። ሌላው በቆቃ ግድብ ያልፋል፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ ከዚያም የአፋር አርብቶ አደር ግመሎቹን ያጠጣበታል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ «የእኔ አገልግሎት ባሕር አልደረሰም» ብለህ ወይም ብለሽ ታዝን ይሆናል፤ በረሃ ላይ የሚያልቀው አዋሽ ስንቱን ሕዝብ እንደሚያኖር አስቡ። ጌታ ዝናቡን ያፈስሳል፣ አቅጣጫውንም እሱ ያውቃል።

ቡራዩ ደግሞ የገፈርሳ ጎረቤት ነች። የገፈርሳ ግድብ ከለገዳዲ በፊት ተሠርቶ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል። ያኔ ማንም ልብ አይለውም፤ ውኃ በየቦዩ ሞልቷልና። ሚያዝያ ላይ ግን ቦዩ ሁሉ ሲደርቅ፣ ከተማው ቧንቧውን ከፍቶ የሐምሌን ዝናብ ይጠጣል። በሱሉልታም ዝናቡ ምድር ውስጥ ሰርጎ ይቆይና በምንጭና በጉድጓድ ይወጣል፤ እዚያ ያሉት የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች የሚሸጡልን ውኃ ዛሬ የዘነበው አይደለም። ዓይን ያላየው ክምችት እግራችን ሥር አለ።

የወጨጫ ዛፎች

ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ አለ። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በጎኑ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በክረምት ከጉሙ ጋር ተያይዞ ሲታይ ልብን ይነካል። ይህ ደን በአፍሪካ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ነው። እንደሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይቶ፣ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር ተጭኖ እንዲመጣና እንዲተከል አዘዘ። ከብዙ ዘመን በኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አደረጉ።

የዘርዓ ያዕቆብ ስም ሲነሳ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። ደን አስተከለ የሚባለው ይኸው ንጉሥ የደቂቀ እስጢፋኖስን መነኮሳት ክፉኛ አሳድዷል። መነኮሳቱ ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አንሰግድም፣ በንጉሡም ፊት አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ሞቱ። ታሪካቸው ግን በጉንዳ ጉንዴ ገዳም በብራና ተጽፎ ተቀመጠ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም እኛ እጅ ደረሰ። አንድ ንጉሥ በአንድ እጁ ዘር ሲያስተክል፣ በሌላው እጁ ያሳደደው ነገር ደግሞ ሳያውቀው እንደ ዘር ተቀበረ። ሁለቱም በቀሉ።

ምኒልክ አዲስ አበባን ሲመሠርቱ ማገዶ ጨርሶ ስለራቀ ዋና ከተማውን በቡራዩ መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆሟት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ተራሮች ዛሬ የሸፈነው እሱ ነው። ማገዶም ቤትም ሆኖልናል፣ ይመስገን። ጥዱ ግን በብዙ ዘመን ነው የሚደርሰው። ጥድ የሚተክል ሰው ጥላው ሥር እንደማይቀመጥ ያውቃል። በመንፈሳዊ ሕይወትም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰውን ብቻ የምንተክል ከሆነ ለልጅ ልጆቻችን የምናወርሰው ጥድ አይኖርም።

ዝናቡ ሲቀርና ሲበዛ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለ ክረምት ውበት ብቻ መናገር ቀላል ነው። ለሰባኪ በተለይ ቀላል ነው፤ ጣሪያው ካላፈሰሰበት።

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን አለ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። አስቀድሞ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። ዝናቡም ቀረ፣ አንበጣውም ተነሣ። በሬ የሌለው ገበሬ እንዴት ይረስ? ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል። ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1966 ዓ.ም. የወሎን፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑን ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እነርሱ የሰኔን ደመና ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ቢሞላ አትደነቁ። ለእኛ ጭቃ የሆነው ለእነርሱ ሕይወት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ዝናቡ የመጣበት ሰው አለ። በወንዝ ዳር ተከራይቶ የሚኖረው፣ ሌሊት ጎርፉ ፍራሹን የወሰደበት፤ የቀን ሥራው ግንባታ ስለሆነ ዝናብ ባለበት ቀን ልጆቹ ሳይበሉ የሚያድሩበት፤ በጎርፍም ይሁን በሌላ ምክንያት ቤቱን አጥቶ በሰው በረንዳ የሚከርመው። ለዚህ ወንድም «ክረምት እኮ በረከት ነው» ብሎ ስብከት መስጠት ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የገሠጸው ነገር ነው፤ የተራበውንና የታረዘውን ባዶ እጁን «በሰላም ሂድ» ማለት።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4 የጻፈውን አስተውሉ። እስር ቤት ነው፣ ሞቱ ቀርቧል። ስለ ጽድቅ አክሊል ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ ጢሞቴዎስን በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ መጻሕፍቱንም እንዳይረሳ፣ ከክረምትም በፊት እንዲደርስ ይለምነዋል። ይበርደው ነበራ! ሰማያዊ አክሊል የሚጠብቀው ሐዋርያ ልብስ ለመነ፤ ይህን በመጻፉም አላፈረም። የክረምት ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በበርኖስ ነው።

የንጉሡ የክረምት ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በኤርምያስ 36 ላይ ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጧል፤ ወሩ ዘጠነኛው ነው፣ በፊቱ እሳት ይነድዳል። ውጪ ብርድና ዝናብ፣ ውስጥ ሙቀት። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ የጻፈው ጥቅልል ቀርቦ ይነበባል። ሦስት ወይም አራት ዓምድ ያህል በተነበበ ቁጥር ንጉሡ በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ይጥለዋል። ሦስት ሹማምንት ለመኑት፤ አልሰማም። ጥቅልሉ አለቀ፣ ዐመድ ሆነ። ንጉሡም ነገሩ ያበቃ መስሎት ይሆናል።

አላበቃም። ኤርምያስ ሌላ ጥቅልል ለባሮክ ሰጠው፤ የተቃጠለው ሁሉ እንደገና ተጻፈ። የምዕራፉ የመጨረሻ ቁጥር ደግሞ ሌላ ብዙ ተመሳሳይ ቃል እንደ ተጨመረበት ይነግረናል። ንጉሡ በክረምት ቤቱ ያቃጠለው መጽሐፍ ከበፊቱ ይልቅ ረዝሞ ወጣ!

ወገኖች፣ የኢትዮጵያ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ስታስወጣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር፤ 48 ይባላሉ። መጽሐፍ ቅዱስም በቋንቋቸው ሙሉውን አልነበራቸውም። ሚሲዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ማን ሰበከ? እነዚያ የተገረፉት፣ የታሰሩት የአገሬው ሰዎች።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምት ዕረፍታቸው፣ በሐዋሳ በስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን ለሚሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰበሰቡ ነበር። በናዝሬትም «ሰማይ ብርሃን» የሚባል የወጣቶች ኅብረት ነበር። ሌላው ወጣት ክረምቱን በእንቅልፍ ሲያሳልፍ እነርሱ በጾምና በጸሎት ያሳልፉት ነበር። መስከረም ሲጠባ እሳቱን ይዘው ወደየትምህርት ቤቱ ተበተኑ። ከዚያ መነቃቃት ሙሉ ወንጌል ወጣች። በ1959 ዓ.ም. መንግሥት እንዲያውቃት ጠይቃ ተከለከለች። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት ምእመናን 250 ያህሉ ታሰሩ። ነሐሴ! የክረምት እስር ቤት ምን እንደሚመስል የታሰረበት ያውቀዋል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። አገር ጥሎ የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። የት እንደደረሱ ቤተሰባቸው ለዓመታት አላወቀም፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው አሥር ዓመት ገደማ በወህኒ ቆዩ። ሐምሌ የክረምቱ ልብ ነው፤ ያቺ ቤተ ክርስቲያንም ያን ጊዜ በክረምቷ ልብ ውስጥ ነበረች።

በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ 5,000 ያህል ምእመናን ነበሯት። ሕንፃ የለም፣ መድረክ የለም፣ ማጉያ የለም። አምስትና ስድስት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ። መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመሩ። እናቶች ቡና አፍልተው ጎረቤት የቡና ሰዓት እንዲመስለው አደረጉ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ምእመናኑ 34,000 ያህል ሆነው ወጡ። የክረምት ቤቱ እሳት ጥቅልሉን በላው፤ ጥቅልሉ ግን ረዝሞ ተመለሰ።

ሃሌሉያ ብለን ልናልፈው እንችላለን። ግን ቁጥሩ ብቻውን አያስደስተን። እያንዳንዱ ቁጥር ሰው ነው፤ ከእነርሱ መካከል ያልተመለሱ አሉ፣ የልጆቻቸውን እድገት ሳያዩ ያለፉ አሉ። ጌታ በክረምት ሠራ ማለት ክረምቱ አልከበደም ማለት አይደለም።

ሽምብራና እርጥበቱ

ከሰበታ አልፋችሁ ወደ በቾ ሜዳ ብትወርዱ ጥቁሩን መረሬ አፈር ታገኛላችሁ። በዚያ አገር ገበሬው አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋል። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ዝናቡ ሲሳሳ ሽምብራ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይ ትበረታለች፣ ዝናብ የለም። ሽምብራው ግን ያድጋል፣ ያብባል፣ ያፈራል። በምን? መረሬው አፈር ከክረምቱ ባጠራቀመው እርጥበት። ከላይ ሲታይ ምድሩ ተሰንጥቋል፤ ሥሩ ግን የነሐሴን ዝናብ እየጠጣ ነው።

እኛ ማን ነን? የዛሬዎቹ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አማኞች ሽምብራ ነን። ብራ ላይ ነው የተዘራነው። አዳራሽ አለን፣ ማጉያ አለን፣ ሬዲዮ አለን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በነፃነት እናመልካለን፣ እሑድ መዝሙራችን ሰፈሩን ይሞላል። ይህ ሁሉ የበቀለው በማን እርጥበት ነው? በሌሎች ክረምት ነው። ዝናቡ ያረፈባቸው እነርሱ ናቸው፤ በየቤቱ በሹክሹክታ የዘመሩት፣ በነሐሴ የታሰሩት፣ በሐምሌ ታፍነው የተወሰዱት።

ገበሬው ግን አንድ ነገር ያውቃል። ሽምብራ በተጠራቀመው እርጥበት አንድ ጊዜ ነው የሚያፈራው። በዚያው መሬት ላይ ዝናብ ሳይወርድ እንደገና ቢዘራ አይበቅልም። አንድ ትውልድ በአባቶቹ ጸሎት ሊኖር ይችላል፤ ሁለት ትውልድ አይችልም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ ለልጆቻችን የምናጠራቅመው እርጥበት አለ? ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልይ አለ? ማንም ሳያየው የሚሰጥ፣ ሳይጨበጨብለት የሚያገለግል፣ ልጁን አስቀምጦ ቃሉን የሚያስተምር አለ? ወይስ ያገኘነውን እርጥበት ጠጥተን ልንጨርስ ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ክረምትህን እንደ ቅጣት አትቁጠረው። ሥራ ያጣህ ወንድም፣ ልጅሽ የጠፋብሽ እናት፣ ጸሎታችሁ መልስ ያጣ መስሎ የታያችሁ ሁሉ፣ አደይ አበባ ወጥታ የምትታየው በመስከረም ነው፤ የበቀለችው ግን በክረምት ነው። በሐምሌ ብታዩዋት ከአረም አትለዩአትም። ጌታ በእናንተ የጀመረውን ገና በሐምሌው አትፍረዱበት።

ሁለተኛ፣ በርኖስ አምጡ። በየኅብረታችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከመካከላችን ጣሪያው የሚያፈስስ ማን ነው? በዚህ ክረምት ብርድ ልብስ የሌለው ማን ነው? ከምንሰበስበው መባ ላይ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ኪሎ ሚስማር፣ አንድ ብርድ ልብስ ይውጣ። ወጣቶች፣ ሰፈራችሁ ያለውን ቦይ ጥረጉ፤ ጎርፉ አማኝና አማኝ ያልሆነ አይለይም፣ ፍቅራችሁም አይለይ።

ሦስተኛ፣ ወንዙን አስቡ። ከቡራዩ ወንዝ ውስጥ የምንጥለው ቆሻሻ ወደ ትንሹ አቃቂ ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጣ፣ ልጁ በዚያ የሚጫወት ጎረቤት አለ። ከላይ የሚኖር ሰው ከታች ያለውን ካልወደደ፣ ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንወድዳለን ማለታችን ባዶ ነው።

አራተኛ፣ ጥድ ትከሉ። ዛፉንም ትከሉ፣ ሰውንም ትከሉ። በክረምት ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሳት ቀላል ነው፤ ጥቅምት ላይ ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? አዲስ ነፍስ ወደ ጌታ ስትመጣም እልል ማለት ቀላል ነው፤ በስድስተኛው ወር ቤቷ ሄዶ የሚጠይቃት ማን ነው?

ምናልባት ይህን የምታነብ ወዳጄ ጌታ ኢየሱስን ገና አልተቀበልክ ይሆናል። ክረምት የሚያልፍ ይመስልሃል፤ ውስጥህ ያለው ጨለማ ግን ከበጋ ወደ በጋ አብሮህ እየተሻገረ ነው። በመስቀል ላይ ቀትር ሳለ ምድር ጨለመች። ያ የዓለም ከባዱ ክረምት ነበር። የእግዚአብሔር ልጅ ስለ አንተ በዚያ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ እንደ ዘርም ምድር ውስጥ ተቀበረ፣ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። ዛሬ በእምነት ና። ክረምቱ እስኪያልፍ አትጠብቅ።

እንጸልይ

ጌታ ሆይ፣ በጋንም ክረምትንም የሠራህ አንተ ነህ። ዝናብህን ስለላክህልን እናመሰግንሃለን። ዝናብ ለቀረባቸው ዝናብ፣ ዝናብ ለበዛባቸው መጠለያ ስጥ፤ መጠለያውንም በእጃችን ስጥ። ስለ ስምህ በክረምት ስላለፉት አባቶችና እናቶች ተመስገን። እኛም ለሚመጡት እርጥበት እንድንሆን ልባችንን እንደ መረሬው አፈር አድርገው፤ ቃልህን ይያዝ፣ በድርቅም ጊዜ ያፍራ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ለጎረቤታችሁ አስተላልፉት።